የመንዙ ድንጋይ ቤት እድሳት፦ ረቂቁ ላይ ሀሳብ ስጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም የአያታችን ልጆች፣ ረቂቁ ደርሷችኋል። እስካሁን ያለው ሀሳብ ትልቁን ቤት በሲሚንቶ ማስለሰን፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ ማድረግ፣ በረቱንና ማድቤቱንም መጠገን ነው። እስከ ቅዳሜ እንጨርሰው እባካችሁ።

አባል፣ አዲሳባ፦ እኔ ሲሚንቶው ላይ አልስማማም። ለጥምቀት ስሄድ የዛሬ አራት አመት ያስለጠፍንበትን ግድግዳ አየሁት፣ ተሰነጣጥቋል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው አንዱ ቁራጭ እንዳለ ወደቀ፣ ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ርሷል፣ ያውም በጥር! በስንጥቁ የገባው ውሀ መውጫ አጥቶ እዛው ቀረ ማለት ነው። ድሮ በጭቃና በጭድ የተመረገው ጎን ደግሞ ደረቅ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ግቢም እኮ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ ተጠግኖ ኋላ ላይ ነው ወደ ኖራ የተመለሰው። ስለዚህ ጭቃ በጭድ፣ ከውጪ ኖራ ይባልልኝ።

ጋሼ፣ መሀል ሜዳ፦ ልጆቼ ቆርቆሮውንም ተዉት፣ ብርዳችንን ታውቁት የለ። በጓሳ ሳር ይከደን። ግን ጓሳ እንደፈለጉ አይታጨድም፣ ሳሩ የሚበቅልበት ጥብቅ ቦታ ሲከፈት ነው። ድሮ ቄሮ በሚባለው የሳር ጥበቃ ስርአት ለአመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ነው ያ የፈረሰው፣ አሁንም ህዝቡ እየተመካከረ ይጠብቀዋል። ብሩ ደርሶ ሳሩ ባይኖር ክረምቱ ክፍት ቤት ላይ ይወርዳል፣ ቀኑን ከሳሩ ጋር እሰሩት። ደግሞ ሳር ክዳን ጭስ ይፈልጋል፣ ጭስ ያጣ ቤት ተባይ ይበላዋል፣ ያሁኑም የተበላሸው እቴቴ ካረፈች ወዲህ እሳት ስላልነደደበት ነው።

አባል፣ ዲሲ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ብሩን እናዋጣለን፣ ግን ትልቁ ቤት ብቻ ቢታደስ አይበቃም? በረቱና ማድቤቱ ወጪውን አበዙት።

አባል፣ አዲሳባ፦ እህቴ አይበቃም። በረቱ ሲናድ ካቡንም ይዞት ነው የሚወርደው፣ ካቡ ከሄደ ደግሞ የዳገቱ ጎርፍ ቀጥታ ትልቁ ቤት መሰረት ላይ ነው። ማድቤቱ ውስጥ የእቴቴ ወፍጮ እንደተተከለ አለ፣ መጁ ሲመላለስበት ኖሮ መሀሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። የገብሱ ጎተራም አለ። እነሱን ትተን ትልቁን ቤት ብቻ ብናቆም ምን እንደተኖረበት ማን ያውቃል? ሰው የኖረው እኮ ግቢው ሙሉ ላይ ነው።

አባል፣ ዲሲ፦ እሺ ወፍጮውን ረስቼው ነበር፣ ይግባ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ እንዲህ ላስተካክለው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ወጡ። መጀመሪያ ካቡና የጎርፍ መውረጃው፣ ከዛ በረቱ፣ ማድቤቱና የትልቁ ቤት ግድግዳ፣ ክዳኑ ሳሩ በሚከፈትበት ጊዜ። በአዋጅ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም፣ ስለዚህ ምንም ከመነካቱ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ እጽፋለሁ። ጭሱንም በጀት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ኖሮ እሳት የሚያነድ ሰው ቀለብና ኩበት። ጋሼ እርስዎ ሳሩ መቼ እንደሚከፈት ጠይቀው ይንገሩን፣ ሌላውን ቀን ሁሉ ከሱ ተነስቼ እሞላዋለሁ።