ሃምሳው ውስጥ ጎንደር ላይ የጾም እራት በየተራ የሚያቀርብ ቤት አለ?

የአራዳዋ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። ወንድሜ ከነሚስቱ ከዳግማ ትንሳኤ በኋላ ከጀርመን እየመጣ ነው፣ ሚስቱ ቪጋን ናት፣ ስጋ ብቻ ሳይሆን ወተት ቅቤ እንቁላል ማር እንኳን አትቀምስም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለማያት ኩሽና ውስጥ ስንጎዳጎድ ሳላጫውታት እንዳይመሽ ብዬ አንድ ደህና ሬስቶራንት ልጋብዛት አሰብኩ። ግን እንደ በያይነቱ ሁሉም ባንዴ ሳይሆን በየተራ፣ መጀመሪያ ቀለል ያለ ከዛ ወጡ ከዛ ፍራፍሬና ቡና፣ እያወራን ሁለት ሰዓት የሚቆይ። ችግሩ ዐቢይ ጾም ቢሆን 55 ቀን ሙሉ የትም ገብቶ መብላት ነበር፣ ሃምሳው ውስጥ ግን ረቡዕና አርብም ስለማይጾም የጠየኳቸው ሁለት ቤቶች "የጾም የለም" አሉኝ። የት ልውሰዳት? ምንስ ልዘዝ?

የፒያሳ ልጅ፦
እህቴ ከቤቱ ይልቅ ቀድሞ መናገሩ ነው ወሳኙ። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ሂጂና ወጥ ሰሪዋን ራሷን አናግሪ፣ አስተናጋጁ ይበቃል ብለሽ እንዳትመለሺ። እኔ አምና ልክ በሃምሳው እንግዳ ይዤ ገባሁ፣ የጾም ሽሮ ብዬ አዘዝኩ፣ ልጁ አንዴ እንደጎረሰ ቅቤው ሸተተኝ፣ ስጠይቅ ለካ "ለማጣፈጫ ትንሽ ነው ጠብ ያደረግነው" አሉኝ። እንግዳዬ ፊት እንዴት እንዳፈርኩ። ደግሞ ጾምና ቪጋን አንድ አይደለም፣ በጾም አሳ የሚበላ ስላለ "የጾም" ስትያቸው የጣና አሳ ጥብስ ሊያመጡልሽ ይችላሉ። ማርም በጾም ስለሚበላ ጠጅ ለሷ አይሆንም፣ አዋዜውን በጠጅ የሚበጠብጡም አሉ ጠይቂ። ኮረፌ ካገኘሽ ግን ገብስ፣ ብቅልና ጌሾ ስለሆነ ያለ ስጋት ትጠጣለች።

ጓዳ ነው ውሎዬ፦
ሆቴል ነው የማበስለው ስለዚህ ሙያዬን ልንገርሽ። በየተራ ማቅረብ ይቻላል፣ የሚያበላሸው እንጀራው ነው፣ በእያንዳንዱ ተራ እንጀራ ከመጣ ዋናው ሳይደርስ ትጠግባለች። ስለዚህ መጀመሪያ ሱፍ ፍትፍት በደንብ ቀዝቅዞ በትንሽ ሳህን በማንኪያ፣ ቀጥሎ አዚፋ ከስንግ ቃሪያ ጋር፣ ከዛ የሽምብራ አሳ ለብቻው ከነስልሱ፣ እንጀራው በብዛት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ከምስር ወጡ፣ ከክክ አልጫው፣ ከጎመኑና ከተጋቢኖው ጋር ነው። ስልጆ ከፈለግሽ ግን ከሳምንት በፊት ንገሪያቸው፣ የባቄላው ዱቄት በስሎ ሰናፍጭ ከገባበት በኋላ እስኪብላላ ቀናት ይፈልጋል፣ የተቻኮለ ስልጆ ስልጆ አይደለም። ድስቱም ጭልፋውም ቅቤ ያልነካው ይሁን። ለእንጀራው አትስጊ፣ ማሰሻው ጎመን ዘር ነው።

አዘዞ፦
እታለም እኔ በየተራ የሚባለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። የኛ ምግብ ደስ የሚለው አንድ ገበታ ከበን ምስሩን ከጎመኑ እያጣቀስን ስንበላ ነው፣ ለየብቻ ሳህን ከተሰጣት ዋርሳሽን በምን ታጎርሻታለሽ? ቢያንስ የመጨረሻው በመሶብ ይሁን፣ እባክሽ።

የአራዳዋ፦
ተመልሼ መጣሁ፣ ትናንት ማታ ሄድን፣ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ወጥ ሰሪዋን አናገርኳት፣ እሷም ደስ ብሏት "በሃምሳው የጾም የሚጠይቀኝ ሰው ናፍቆኝ ነበር" አለችኝ። ሱፉ ሲመጣ ነጭ ስለሆነ ዋርሳዬ ወተት መስሏት ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ወንድሜ ተወቅጦ የተጠለለ ፍሬ መሆኑን ሲያስረዳት ቀመሰች፣ ከዛ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ ጨረሰች። የሽምብራ አሳው ሲመጣ ደግሞ ሴትዮዋ ጅራቱን ክንፉን ሁሉ አሳምራ ቀርጻው ስለነበር ልጅቷ ደነገጠች፣ እጇን ሰብሰብ አድርጋ ባሏን አየችው። እኔ አንዱን አንስቼ ለሁለት ገመስኩና ውስጡን አሳየኋት፣ ቢጫ የሽምብራ ሊጥ ብቻ። ሦስት በላች። አዘዞ ያልከውንም ሰምቻለሁ፣ የመጨረሻው በመሶብ ነው የቀረበው፣ አጎረስኳት፣ እሷም መልሳ አጎረሰችኝ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ ግን ምንም አልመሰለኝም። ከዛ ፓፓያ፣ ከዛ ቡና እስከ በረካው ከቆሎ ጋር፣ ሳናውቀው አራት ሰዓት ሆነ። ስልጆው ብቻ አልደረሰም፣ ዘግይቼ ነው የነገርኳቸው።

ቤቱን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። አሁን ደግሞ ሱፍ ይዛ መሄድ ፈልጋለች፣ ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ኪሎ ገዛሁላት። እዛ ሙቀጫ ስለሌላት በብሌንደር ስትፈጨው ገለባው ያስቸግራታል ወይስ በነጠላ ብታጠልለው ይወጣል? የሞከራችሁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ፣ ማክሰኞ ነው የሚሄዱት።