የአክሱም ሐውልት በሲቪላይዜሽን 5 የኮምፒውተር ጌም፦ የእውነት ምርጥ ነው ወይስ የኛ ስለሆነ ነው?

የሂርማታው፦
ትናንት ማታ ጅማ ዝናቧን ስታወርደው እኔ ኢትዮጵያን ይዤ ስጫወት አመሸሁ። ዋና ከተማዬን እንደመሰረትኩ መጀመሪያ ያዘዝኩት የኢትዮጵያን ልዩ ህንፃ፣ ሐውልቱን ነው። 15ኛው ተራ አካባቢ ፓንቴዎን (የሃይማኖት የመጀመሪያ ደረጃ) መረጥኩ፣ የቀደመኝ አልነበረም። አቋሜን ልናገር፦ በዚህ ጌም ውስጥ ካሉት ልዩ ህንፃዎች እሱን የሚያክል የለም። ሌላው ሀገር 40 ምርት አውጥቶ ተራ ሞኑመንት ይሰራና 2 ባህል ያገኛል፣ እኛ ግን በዚያው ዋጋ 2 እምነት (ሃይማኖት ለመመስረት የሚጠራቀም ነጥብ) ይጨመርልናል። ቴክኖሎጂ መጠበቅ የለም። የማይስማማ ይምጣ።

የቆጪው፦
እኔ አልስማማም። የማያዎች ልዩ ህንፃ፣ ፒራሚዱ፣ 2 እምነት ሰጥቶ 2 ሳይንስ ይጨምራል። 6 ከተማ ካለህ 12 ሳይንስ ነው፣ ያውም በጠዋቱ። ደግሞ አንድ ነገር ዘለልክ። የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ የአድዋ መንፈስ ነው፤ ከኛ የበለጠ ከተማ ካለው ጋር ስንዋጋ 20 በመቶ ጉልበት ይጨመርልናል። ስለዚህ ከተማችን ጥቂት እንዲሆን ይፈለጋል። ሐውልቱ ግን በየከተማው ስለሚቆም ብዙ ከተማ ይወዳል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ?

የሂርማታው፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ እሱ ነበር። መልሱ ትራዲሽን በሚባለው የፖሊሲ ዘርፍ ውስጥ ያለው ሊጋሊዝም የሚባል ፖሊሲ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 4 ከተሞች የባህል ህንፃ በነፃ ይሰጣል፣ ለኛ ደግሞ የሚሰጠን ሐውልት ነው፣ የጥገና ወርቅም አይጠየቅበትም። ዋና ከተማው ላይ በእጄ እሰራለሁ፣ ቀሪዎቹ 3 ከተሞች ሲመሰረቱ በነፃ ይቆሙልኛል። በየተራው 8 እምነት ማለት ነው። ሃይማኖት የሚመሰርተው የመጀመሪያው ታላቅ ነቢይ 200 እምነት ይፈልጋል፣ ከሐውልቶቹ ብቻ በ25 ተራ ይሞላል። ከተማዬም 4 ብቻ ስለሆነ የአድዋው ጉልበት አብሮኝ አለ። ፒራሚዱን በተመለከተ፣ እሱ የሚተካው ሽራይን የሚባለውን ተራ የእምነት ህንፃ ነው፣ ሸክላ ስራ የሚባለው ቴክኖሎጂም እስኪጠና ይጠብቃል። እኛ ሐውልቱም ሽራይኑም አለን፣ በየከተማው 3 እምነት።

የፈረንጅ አራዳው፦
ጌሙ ሲገፋ ግን 2 እምነት ምንም አይደለም። ፋብሪካ ዘመን ላይ ማን ያስታውሰዋል?

የሂርማታው፦
ሃይማኖቱን ቀድመህ ስለመሰረትክ ሃይማኖቱ ከሚሰጣቸው ጥቅሞች ጥሩ ጥሩውን መርጠህ ወስደሃል። ያ እስከ መጨረሻ አይለቅህም።

የጅሬኑ፦
አቦ፣ እኔ ቁጥሩ ላይ ከሂርማታው ጋር ነኝ፣ የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እውነተኛዎቹ የአክሱም ሐውልቶች የነገስታት መቃብር ምልክት ነበሩ፣ እምነት መስጠታቸው ያስኬዳል። 24 ሜትር የሚሆነው በ1937 እ.ኤ.አ. ሮም ተወስዶ በ2005 ሲመለስ፣ በ2008 ሲተከል እኛም ጅማ ሆነን ደስ ብሎናል። ግን እዚሁ ደጃችን ከእንጨት የተሰራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት አለ። ለንግድ የሚሆን ህንፃ ቢጠፋ እሱ አይበቃም ነበር? በአባ ጅፋር ዘመን የጅማ ገበያ ስንቱን ነጋዴ ነው የሰበሰበው። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ የኦሮሞ ፈረሰኛ ሲገባ በጣም ነው የተደሰትኩት፣ ህንፃውን ግን አሁንም እጠብቃለሁ።

የሂርማታው፦
እዚህ ላይ አልከራከርህም። ወርቅ የሚሰጥ የጅሬን ቤተ መንግስት ቢኖር እኔም መጀመሪያ እሱን ነበር የማዘው።

የቆጪው፦
ፒራሚዱን አልተውኩም። ግን ሊጋሊዝሙን እንደዛ አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ መብራት ካለ በ4 ከተማ እሞክረዋለሁ፣ ነቢዩ በስንት ተራ እንደመጣ ነገ እነግራችኋለሁ።