ሥራ ላይ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዲግሪ ለመማር ከየት ትጀምር?

ጠያቂ፦ የሰቃዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ከተማ ብዙም በማይርቀው በሰቃ ጮቆርሳ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ከ10ኛ ክፍል ሠልጥኜ ወደ ሥራ ገባሁ፤ ቆይቼም ደረጃ አራትን ጨርሼ የብቃት ምዘናውን አልፌያለሁ። አሁን በአዋላጅነት ወይም በነርስነት በዲግሪ መማር እፈልጋለሁ፤ ሥራ ብለቅ ግን ልጄን የማሳድግበት የለኝም። ሰሞኑን አንድ ደላላ «አንቺ ክፍያውን ጨርሺ እንጂ መምጣት የሚጠበቅብሽ በወር አንድ ቅዳሜ ነው» ቢለኝ ልቤ አልተቀበለውም። ታናሽ እህቴ ደግሞ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ሳይሞላላት ቤት ተቀምጣለች። እርሷም ነርስነትን ነው የምትመኘው። የምታውቁ ምከሩን።

አዋላጇ ከአጋሮ
እህቴ፣ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደሽ በመንግሥት ወጪ የመማር ዕድል መቼ እንደሚወጣና በምን እንደሚያወዳድሩ ጠይቂ። ሲደርስሽ የምትፈርሚውን ውል ደግሞ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ስንት ዓመት ተመልሰሽ እንደምታገለግይ፣ ብታቋርጪ ምን እንደምትከፍይ፣ ዋስሽ እስከምን ድረስ እንደሚጠየቅ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ማስረጃዎችሽንም ዛሬ ማታ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው። እኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በስም ነው። ጫልቱ የምትባል ልጅ የ10ኛ ክፍል ካርዷ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ«ሲኤች» ተጽፎ፣ የኮሌጅ ማስረጃዋ ላይ በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጻፋል። በምዝገባው መስኮት ሁለት ሰው ትሆናለች።

ጡረተኛ መምህር፣ ጅሬን
ልጄ፣ ልብሽ ደላላውን አለመቀበሉ ደግ ነው። የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሆኖም ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ስለዚህ አንቺ በምትማሪበት ካምፓስ ያ የትምህርት ዓይነት ፈቃድ እንዳለው ራስሽ አጣሪ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አይቶ መመለስ ማጣራት አይባልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። በወር አንድ ቅዳሜ የተማረ ሰው እዚያ ምን ሊጽፍ ነው? ታካሚ ሳይዳስስ ነርስ ይወጣል?

አንድ ነገር ልጨምር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት በ1970ዎቹ በኢንስቲትዩትነት ሲጀመር ጀምሮ መለያው ማኅበረሰብ ተኮር መሆኑ ነው፤ ተማሪዎቹ በየቀበሌው ወጥተው ቤት ለቤት ይዞራሉ። እነርሱ ለመማር የሚሄዱበትን ደጃፍ አንቺ በሥራ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አንሼ እገኛለሁ ብለሽ አትፍሪ።

ነርስ፣ ሂርማታ
መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ግን ቅዳሜና እሑድን ባንኮንን እመርጣለሁ። በመደበኛው የገባ ወጪውን ተመርቆ በወጪ መጋራት ይከፍላል፤ ልጅ ያላት ሠራተኛ ግን ደመወዟን ትታ ግቢ መግባት ከየት ይመጣላታል? እኔ የተማርኩት በማታ ነው፤ ከኪሴ እየከፈልኩ፣ የሆስፒታል ልምምዱን በዓመት ፈቃዴ እየሸፈንኩ። ስለዚህ ኮሌጁን «ልምምዱ የት ሆስፒታል ነው? ስንት ሳምንት ነው? ማን ይቆጣጠራል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ከተድበሰበሰ ውጪ።

የሰርቦ ልጅ
ስለ እህትሽ፦ አንገቷን አትድፋ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው 50 በመቶ ያልሞላላቸው ተማሪዎች የሚማሩበት የማካካሻ ትምህርት፣ የሬሜዲያል ፕሮግራም፣ የመጣው። መቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣል፤ የእርሷ ውጤት እዚያ ከደረሰ ተምራ፣ ፈተናውን አልፋ፣ አንደኛ ዓመት ትገባለች። ካልደረሰ በግል እንደገና መፈተን ወይም በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ ጀምሮ አንቺ በመጣሽበት መንገድ መምጣት አለ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበረች? እርሱን ሳትነግሪን ነው የቀረሽው።

የሰቃዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ናት። ማስረጃዎቼን ደርድሬ አየኋቸው፤ የአባቴ ስም በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ይጎድላል። ፍርድ ቤት ልሂድ?

አዋላጇ ከአጋሮ
ወደ ፍርድ ቤት አትቸኩይ። በመጀመሪያ ስሙን አሳስቶ የጻፈው ተቋም ሬጅስትራር ዘንድ የልደት የምስክር ወረቀትሽንና መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ምዝገባ ሲደርስ ወረፋው ስለሚበዛ አሁኑኑ ብትሄጂ ይሻላል።