ሚክስ ለማስተሪንግ ሲላክ ሊሚተሩ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ቢት ሠሪው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ ዛሬ እንከራከር። አንድ ዘፈን ሚክስ አድርጌ (ድምፆቹን አመጣጥኜ) ለማስተሪንግ፣ ማለትም ለመጨረሻው ማስተካከያ፣ ልኬ ሰውዬው መለሰብኝ፣ ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ የሚያልፍበት) ላይ ያለውን ሊሚተር (ድምፁ ከወሰን እንዳያልፍ ደፍጥጦ የሚይዘውን) አንሳና በ24 ቢት ዌቭ ላክ፣ ፒኩም (የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ) ከማይነስ 6 ዲቢ አይለፍ አለኝ። እኔ ደሞ ከመጀመሪያው ሊሚተሩን ከፍቼ ነው የሠራሁት፣ ድምፃዊው ሰምቶ የወደደውም እሱን ነው። ለምን ብዬ ነው የማነሳው?

ጋሽ ቤዝ፦ ሰውዬው ልክ ነው። ሊሚተር የደፈጠጠውን ማንም አይመልስልህም፣ እሱ ደሞ ከላይ ሌላ ሊሚተር ሲጭንበት ምን እንደሚወጣ አስበው። በ2008 የወጣው የሮክ ባንዱ የሜታሊካ አልበም ዴዝ ማግኔቲክ ላይ ተደፈጠጠ ተብሎ ስንት ቅሬታ ተነሳ፣ ማስተር ያደረገው ሰውዬ ግን እጄ ሲገባ ቀድሞ የተደፈጠጠ ነበር ነው ያለው።

ክራር በኬብል፦ ማይነስ 6 ግን የተለመደ ቁጥር ነው እንጂ ህግ አይደለም። 24 ቢት ከሆነ ማይነስ 3 ሆነ ማይነስ 10 ምንም አይጎድልበትም፣ ዋናው ዜሮ (የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ) ላይ ደርሶ እንዳይቆረጥ ነው። በ32 ቢት ፍሎት ካወጣኸውማ ዜሮን ቢያልፍ እንኳ እዛ ዝቅ ሲያደርገው ይመለሳል፣ ፕላጊን (እንደ ሊሚተር ያለ የሶፍትዌር መሣሪያ) ውስጥ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

የሰርግ ዲጄ፦ እናንተ ስለ ድምፅ መለኪያ ቁጥር ታወራላችሁ፣ እኔ የማየው ሌላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ፍላሽ ላይ መቶ ዘፈን አለ፣ ያንተ ሲመጣ ካነሰ ሾፌሩ ቮሊውም አይጨምርልህም ያልፍሃል። ዘፈን መጮህ አለበት አለቀ

ጋሽ ቤዝ፦ @የሰርግ ዲጄ ይጩህ እኮ፣ ማስጮሁ የማስተሩ ሥራ ነው ነው የምልህ። ደሞ ስፖቲፋይ ማይነስ 14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ) አካባቢ ላይ ነው የሚያጫውተው፣ ዩቲዩብም በጣም የጮኸውን ያወርደዋል፣ የደፈጠጥከው ከበሮ ወርዶ ሲሰማ ካርቶን ነው የሚመስለው።

የሰርግ ዲጄ፦ ፍላሽ ግን አያወርድም ጋሼ 😂

አዝማች፦ እኔ ድምፃዊት ነኝ፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ሊሚተሩ ሲነሳ ጩኸቱ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፣ ሚክሱ ራሱ ይቀየራል። ከበሮው በመታ ቁጥር ሊሚተሩ ጫን እያደረገ ይይዘዋል፣ እናንተም እሱን እየሰማችሁ ከበሮውን ከፍ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ለመላክ ብላችሁ ስታጠፉት ከበሮው ፊት ይወጣና የእኔ ድምፅ ከኋላ ይቀራል። ያፀደቅኩት ሌላ የተላከው ሌላ! እና ማንሳት ብቻ አይበቃም፣ አንስታችሁ ባላንሱን እንደገና ስሙት፣ ቮካሉን አስተካክሉት፣ ከዛ ላኩ።

ክራር በኬብል፦ @አዝማች ትክክል ነሽ እህቴ። ኮምፕረሰሩን (ከፍ ያለውን ድምፅ ለስለስ አድርጎ ዝቅ የሚያደርገውን) ግን አብራችሁ እንዳታነሱት፣ ሚክሱን የያያዘው እሱ ከሆነ ይቆይ፣ ሁለት ዲቢ ቢይዝ ማንንም አይጎዳም። ደሞ ድምፁን ለመቀነስ ስትሉ ከኮምፕረሰሩ በፊት እንዳትቀንሱ፣ የሚገባበት ካነሰ እሱም መያዙን ይተዋል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ቢት ሠሪው፦ እሺ ሊሚተር የሌለበትን ብልክለት ድምፃዊው የወደደውን በምን ያውቃል?

ጋሽ ቤዝ፦ ሁለቱንም ላክለታ! ሊሚተር የሌለበትን እንዲሠራበት፣ ያለበትን እንዲሰማው ብቻ፣ ስማቸውን ለይተህ ጻፍ እንጂ ፋይናል ፋይናል 2 እያልክ አታደናግረው። ሳምፕል ሬቱንም (ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) አትንካው፣ በ48 ኪሎኸርዝ ከሠራህ በ48 ይሂድ። ኤምፒ3 የሚልኩ አሉ እኮ አሁንም፣ እነሱን ተዋቸው። መጨረሻው ላይ ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) እስኪያልቅ ጠብቅ፣ የዋሽንት ጭራ ተቆርጦ የመጣ ስንት ሰምቻለሁ።

የሰርግ ዲጄ፦ ከሁለት ፋይል አንዱ ጮኸ ማለት ነው፣ ተስማምተናል

አዝማች፦ አልተስማማንም፣ ከሚክስ ባላንሱ በፊት ስለ ጩኸት የሚያወራ ሰው ጋር እኔ አልስማማም

ቢት ሠሪው፦ እሺ ዛሬ ማታ አንስቼ ቮካሉን አያለሁ፣ ሁለቱንም እልካለሁ። ለድምፃዊው ግን ያልጮኸውን አላሰማውም፣ ምነው ደከመ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነው የሚያድረው

አዝማች፦ ቮሊውሙን እኩል አድርገህ አሰማው እንጂ ለምን ትደብቀዋለህ