የፒኤችፒ ፎርም፦ የወረዳው ስም ተቆርጦ ይገባል፣ ጥቅምት 30 ደግሞ ጭራሽ አልገባ አለ

ጮቄ (ቢቸና)

ሰላም ለሁላችሁ። ለምሥራቅ ጎጃም ጤፍ አምራች ማኅበራት የአባላት መመዝገቢያ ገጽ እየሠራሁ ነው። ዛምፕ ላይ (ሰርቨርን በራስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ጥቅል) ነው ያለው፤ የኮዱ ቋንቋ ፒኤችፒ 8፣ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ። ፎርሙ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ወረዳና አባል የሆነበትን ቀን ይጠይቃል። ወረዳዎቹን ከዳታቤዝ እያወጣሁ በሉፕ ሴሌክት (የምርጫ ዝርዝር) ውስጥ እደረድራቸዋለሁ።

ደጀን፣ ማቻከል ወይም ጎዛምን ስመርጥ ልክ ይገባል። ሁለት እጁ እነሴን ስመርጥ ግን ቴብሉ ላይ «ሁለት» ብቻ ነው የማገኘው፤ ደባይ ጥላትግንም «ደባይ» ሆኖ ይቀራል። ኮለሙ ቫርቻር 100 (እስከ 100 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ) ስለሆነ ጠብቦት አይመስለኝም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ዴት ኮለም ውስጥ ነው የማስገባው፤ አብዛኛው ይቀበላል፣ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን ግን ኤረር ያመጣሉ። ረዘም ያለ ስም ሲጻፍ «ከ30 ፊደል አይብለጥ» የሚለው ራሴ የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ስሙ ግን ግማሹንም አይሞላ። ከስልኩ ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋል። ሪፍሬሽ ሲደረግም ያው ሰው ሁለቴ ይመዘገባል።

ኢንሰርቱን (ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባውን ትእዛዝ) ደጋግሜ ፈትሼ ስህተት አጣሁበት። ከየት ልጀምር?

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ኢንሰርቱን ለጊዜው ተወው ወንድሜ። ፎርም ላይ የተሞላ ነገር ሊበላሽ የሚችለው ብሮውዘሩ ሲልከው፣ ፒኤችፒው ሲቀበለው ወይም ዳታቤዙ ሲያስቀምጠው ነው። የትኛው ጋ እንደተበላሸ ሳይለዩ ኮድ መነካካት ሌላ ስህተት መጨመር ነው።

መቀበያው ፋይል አናት ላይ ፖስት አሬዩን (ከፎርሙ የደረሰውን መረጃ) በቫር ደምፕ አሳየውና ወዲያው ኤግዚት በል። ከዚያ ሁለት እጁ እነሴን መርጠህ ላክ። ከወረዳው ጎን ስትሪንግ ብሎ በቅንፍ ቁጥር ይጽፍልሃል። ያ ቁጥር የባይት ቁጥር ነው፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሁለት እጁ እነሴ 8 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ስላለው 26 መምጣት አለበት። 9 ካለህ የደረሰው 3 ፊደል ብቻ ነው። ያኔ ዳታቤዙ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ስሙ የተቆረጠው ገና ከብሮውዘሩ ሳይወጣ ነው።

9 ይላል ብዬ እገምታለሁ። ፎርሙን ክፈትና ኮንትሮል ዩ ተጫን፤ ፒኤችፒው የጻፈውን ኤችቲኤምኤል ታያለህ። ኦፕሽኑ ላይ ቫሊው እኩል ይሆናል ካለ በኋላ ስሙ ያለ ጥቅስ ምልክት ከተቀመጠ፣ ብሮውዘሩ የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ ቫሊው አለቀ ብሎ ነው የሚያነበው። «እጁ» እና «እነሴ» ሌሎች አትሪቡቶች መስለው ይታዩታል። ደጀንና ማቻከል ክፍት ቦታ ስለሌላቸው ብቻ ነው የተረፉት። ዝርዝሩ ላይ ግን ሙሉው ስም ይታያል፣ ምክንያቱም ለዓይን የሚታየው ቫሊው ሳይሆን በመክፈቻና በመዝጊያ ታጎቹ መካከል ያለው ጽሑፍ ነው። ሰው እዚህ ጋ ብዙ ሰዓት የሚያጠፋው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቫሊውን በጥቅስ መክበብ፣ ስሙንም ኤኮ ከማድረግህ በፊት በኤችቲኤምኤል ስፔሻል ካርስ ማሳለፍ ነው። ከዚህ የሚሻለው ግን ቫሊው ውስጥ የወረዳውን አይዲ ቁጥር አስገብቶ ስሙን ለማሳያ ብቻ መተው ነው። አንዱ «ሰላም» ብሎ ሌላው «ሠላም» ብሎ ቢጽፍ ለእኛ ያው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ኮድ ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። በስም እያገናኘህ የምታወጣው ሪፖርት ሰው እየዘለለ ይቆጥራል።

የስሙ ጉዳይም ከዚያው ባይት የመጣ ነው። ስትርሌን (ርዝመት የሚለካው ፈንክሽን) የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ከነአያት 10 ፊደል ያለው ስም ከ2 ክፍት ቦታዎች ጋር 32 ይሆንና ከ30 ይበልጥብሃል። በኤምቢ ስትርሌን ተካው። ቫርቻር ግን የሚቆጥረው ፊደል ስለሆነ ኮለሙን አትንካው።

ጮቄ (ቢቸና)

9 ነው ያለው! ኮንትሮል ዩ ላይም ልክ እንዳልከው ጥቅስ የለም። እግዜር ይስጥልኝ። ወደ አይዲ እየቀየርኩት ነው። ቀኑስ?

ዘንገና (እንጅባራ)

ዴት ኮለም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ «ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም» ብሎ ነው የሚመልስህ፤ ለእሱ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው። ጥቅምት 29ን ሞክረው፦ 2016 ላይ ይቀበልሃል፣ 2017 ላይ አይቀበልህም፤ በፈረንጁ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስላለው። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነ መቼም አይገባም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኤረር ያላመጣው ነው። ጥር 30 እና የካቲት 1 በመካከላቸው 1 ቀን ነው ያለው፤ ዴት ዲፍ (የቀን ልዩነት አስላ) ብትለው ግን 2 ይልሃል፣ 5ኛውን ወር ሜይ ብሎ 31 ቀን ስለሚሰጠው። መዋጮ የዘገየበትን ቀን በዚህ ካሰላህ ገበሬው ያለ አግባብ ይቀጣል።

ፎርሙ ላይ ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ አስመርጥ፤ ስታስቀምጥ ወደ ፈረንጅ ቀይረው፣ ስታሳይ መልሰው። ለዚህ የፒኤችፒ ኢንትል ኤክስቴንሽን አለልህ። ፒኤችፒ ዶት አይኒ ውስጥ ኤክስቴንሽን እኩል ኢንትል ከሚለው መስመር ፊት ያለውን ሴሚኮለን አጥፋና አፓቼን (ሰርቨሩን) አስቁመህ አስነሳ። ከዚያ ኢንትል ካሌንደር ስትፈጥር ካሌንደሩን ኢትዮፒክ በለው። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ፦ ወር ከ0 ነው የሚጀምረው፣ ማለትም መስከረም 0፣ ጳጉሜን 12። ሌኒየንት የሚለውንም ፎልስ አድርገው፤ አለበለዚያ ጳጉሜን 6 በሌለበት ዓመት ጳጉሜን 6 ብትሰጠው ዝም ብሎ መስከረም 1 ያደርግልሃል።

ዛምፕ የሰዓት ክልሉን ብዙ ጊዜ በርሊን አድርጎ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ካላደረግኸው እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ቀን በ1 ቀን ወደኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ስትጨርስ በዚህ ፈትሸው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ቀኑ ለማተም ብቻ ከሆነና ስሌት ከሌለው፣ በጽሑፍ ኮለም ወርና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ማስቀመጥም ያስኬዳል፤ ቅደም ተከተሉም ጳጉሜንን ጨምሮ አይዛባም። መዋጮ የሚሰላበት ከሆነ ግን ዘንገና እንዳለው አድርግ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ስልኩን ኢንት (ሙሉ ቁጥር) አድርገኸዋል ማለት ነው። ስልክ ቁጥር አይደመርም አይቀነስም፣ ቫርቻር 15 አድርገው። ባይንድ ፓራም (መረጃውን ለኢንሰርቱ የምታቀብልበት) ላይም ዓይነቱን ከአይ (ኢንት) ወደ ኤስ (ስትሪንግ) ቀይር፤ ይህን ከረሳህ ኮለሙ ተስተካክሎም ዜሮው ይጠፋል። ኢንት ሆኖ ከቀጠለማ አንድ ሰው 251 ብሎ የጀመረ ቀን ቁጥሩ የኢንት ጣሪያ ከሆነው 2147483647 ይበልጥና ወይ ኤረር ይመጣል ወይ ጣሪያው ራሱ ስልክ ሆኖ ይገባል።

ሪፍሬሽ ላይ የሚደገመው ብሮውዘሩ ያንኑ ፖስት እንደገና ስለሚልከው ነው። ኢንሰርቱ ሲሳካ በሄደር ሎኬሽን ወደ ሌላ ገጽ ምራው፣ ቀጥለህ ኤግዚት በል። «ሄደርስ ኦልሬዲ ሴንት» ካለህ ከሄደሩ በፊት አንድ ነገር ታትሟል ማለት ነው፦ ከፒኤችፒ መክፈቻው በፊት ክፍት መስመር፣ የረሳኸው ቫር ደምፕ፣ ወይም ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ አናቱ ላይ የገባ ቦም (የማይታይ ምልክት)። ኤዲተርህ ላይ ዩቲኤፍ 8 ያለ ቦም የሚለውን ምረጥ።

ድግግሞሽን ለመከላከል ብለህ ስልኩን ዩኒክ (የማይደገም) እንዳታደርገው። ገጠር ላይ በአንድ ስልክ አባትም ልጅም ይመዘገባሉ። ዩኒክ መሆን ያለበት የአባልነት ቁጥሩ ነው።

ጮቄ (ቢቸና)

ሁሉም ሠራ፣ ተባረኩ። ተበላሽተው የገቡትን መመለስ ይቻላል ወይስ እንደገና ልመዝግብ?

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

አብዛኛው ይመለሳል። መጀመሪያ በፒኤችፒማይአድሚን ቴብሉን ኤክስፖርት አድርገህ አስቀምጥ። ኮለሙን ወደ ቫርቻር ከቀየርክ በኋላ በ9 የሚጀምሩ ባለ 9 አሃዝ ስልኮች ፊት ዜሮ ጨምር። ቀኖቹ እንደጻፍካቸው ስላሉ በዘንገና መንገድ ቀይራቸው፤ የቀየርከው በአዲስ ኮለም ይግባ፣ አሮጌው ሳይነካ ይቆይ። ወረዳውን በመጀመሪያው ቃል ለየው፦ «ሁለት» ያለው ሁለት እጁ እነሴ ነው፣ «ጎንቻ» ጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ «እነብሴ» እነብሴ ሳር ምድር፣ «ሸበል» ሸበል በረንታ። በአፕዴት ትጨርሳቸዋለህ።

የማይመለሰው «ደብረ» ሆኖ የቀረው ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማንም ዝርዝሩ ውስጥ አስገብተህ ከሆነ ከደብረ ኤልያስ የምትለይበት ምንም ምልክት የለም፤ እነሱን ከወረቀቱ ቅጽ አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው።