የድንች ማሳን ከዱር አሳማ ለመጠበቅ ዛፍ ላይ ተቀምጦ በቀስት ማደን ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ከሰበታ ወጣ ብሎ የሚኖር አባል

ጤና ይስጥልኝ። ማሳዬ የሚገኘው በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ከመናገሻ ሱባ ደን ጠርዝ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ነው። ድንቹ ማፍራት ከጀመረ ወዲህ ሌሊት ሌሊት አውሬ እየገባ ይገለብጠዋል፤ ጎረቤቶቼም የዱር አሳማ ነው ይላሉ። አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ በመዘውር የሚሳብ ዘመናዊ ቀስት ይዞልኝ መጥቷል። እርሱ በሚኖርበት አገር ሰዎች ዛፍ ላይ መቀመጫ አስረው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ጠብቀው አጋዘን እንደሚያድኑም አጫውቶኛል። በማሳዬ ድንበር ላይ አንድ ረጅም ባህር ዛፍና አንድ ያረጀ ጥድ ስላሉ፣ በዚህ መንገድ አሳማውን ማደን በሕግ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ከሁለቱ ዛፎች የትኛው እንደሚሻልና ከከፍታ ወደ ታች እንዴት እንደሚነጣጠር የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ

ጠያቂያችን አስቀድመው መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከተከሰሰ በኋላ ነውና። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን የተከለከለ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚገዛው ዋናው ሕግ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በጠመንጃም ሆነ በቀስት ቢፈጸም ያስቀጣል፤ እንስሳው እርስዎ ማሳ ውስጥ መግባቱም የእርስዎ ንብረት አያደርገውም። ሕጋዊ አደን የሚካሄደው በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች፣ በኮታና ፈቃድ ባላቸው አስጎብኚ አዳኞች አማካይነት ነው። የሱባ ደን ደግሞ በኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት የሚተዳደር ጥብቅ ስፍራ በመሆኑ፣ ቆስሎ ወደ ደኑ የሸሸውን እንስሳ ተከትለው ቢገቡ ጥፋቱ ሌላ ጥፋት ይወልዳል።

ከሕጉ ባሻገር አንድ ነገር ላስታውስዎ። በዚያ ደን ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው የምኒልክ ድኩላ ይኖራል፤ ወንዱ ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ድንች ውስጥ አጎንብሶ ቢታይ ከአሳማ የሚለየው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳቱን በፎቶግራፍ ይያዙና ከጎረቤቶችዎ ጋር ፈርማችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል ብቻ የቀረበ አቤቱታ ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል።

መልስ፦ ቨርጂኒያ የሚኖር አባል

እኔ በምኖርበት በፌርፋክስ አውራጃ የአጋዘን ብዛት በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ጭምር ችግር ስለፈጠረ፣ አውራጃው ራሱ የሚመራው የቀስት አደን ፕሮግራም አለ። ከዛፍ ላይ እንዲሆን የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የተወረወረ ፍላጻ ዒላማውን ቢስት እንኳ መሬት ላይ ይተከላል እንጂ ወደ ሰው ቤት አይሄድም። ወንድማችን ግን ዘመድዎ ያልነገረዎት ሁለት ጉዳይ ያለ ይመስለኛል። የመጀመሪያው፣ በዚህ አጋዘን የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። የእርስዎ አውሬ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ፣ ዘዴው ገና ከመነሻው አይገጥምም። ሁለተኛው፣ ፍላጻ እንደ ጥይት በምታቱ አይጥልም፤ የሚገድለው ሳንባን ወይም ልብን ቆርጦ ደም በማፍሰስ በመሆኑ፣ እንስሳው ከተመታም በኋላ ብዙ ርቀት ሊሮጥ ይችላል። እዚህ ያሉ አዳኞች ከመከታተላቸው በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። የቆሰለ የዱር አሳማ ክራንቻ እንዳለው እያወቁ፣ ጅብና ነብር ባለበት ተራራ በእጅ ባትሪ የደም ፈለግ መከተል ለማንም የምመክረው አይደለም።

ስለ ማነጣጠሩ ለጠየቁት፣ ለዒላማ ልምምድ ይጠቅምዎ ይሆናል። ከከፍታ ሲወረውሩ የሚቆጠረው ከዓይንዎ እስከ ዒላማው ያለው ዘንበል ያለ መስመር ሳይሆን መሬት ለመሬት ያለው ርቀት ነው። 6 ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው 18 ሜትር የራቀ ዒላማ ቢያነጣጥሩ፣ ዘንበል ያለው መስመር 19 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ዒላማው ከዛፉ ሥር በቀረበ ቁጥር ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ክንድዎን ብቻ ወደ ታች ከማዘንበል ይልቅ ከወገብዎ ይጎንበሱ፤ አለበለዚያ የአሳሳብዎ ልክ ይበላሻል። ቀስቱንም ይዘው አይውጡ፤ መጀመሪያ ወጥተው፣ የደህንነት ቀበቶዎን ከግንዱ ጋር አስረው፣ ከዚያ በገመድ ይሳቡት። ዛፍ ላይ ተቀምጦ በማደን ዋናው የአደጋ ምንጭ መውደቅ ነው፤ አብዛኛውም የሚደርሰው ሲወጡና ሲወርዱ ነው።

መልስ፦ በሆለታ በኩል የሚያርስ አባል

የቀስቱ ነገር ከተዘጋ ወደ ማሳው እንመለስ። በመጀመሪያ የገባብዎት አውሬ ምን እንደሆነ ይለዩ፤ ጎረቤት «አሳማ ነው» ስላለ ብቻ አሳማ አይሆንም። ከርከሮ ቀን የሚሰማራና ሌሊት በጉድጓድ የሚያድር ስለሆነ እርሱን መተው ይችላሉ። የዱር አሳማ በመንጋ ገብቶ በአፍንጫው መስመሩን በሙሉ ይገለብጣል፤ አፈሩ በበሬ የታረሰ ይመስላል፣ የተሰነጠቀ ሰኮናውም እርጥብ አፈር ላይ በደንብ ይታያል። ጃርት ግን ከእግሩ ሥር እየቆፈረ አንድ አንዱን ድንች ያወጣል፤ ግማሹን በልቶ ሲተወው የፊት ጥርሶቹ ሰፋፊ ፋቂ መስመር ይቀራል፣ አንዳንዴም እሾሁ ወድቆ ይገኛል። የሁለቱ መከላከያ የተለያየ ነው።

ለአሳማው አባቶቻችን የሠሩበት ማማ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ማማው የሚሠራው ለመግደል አይደለም፤ ከሩቅ አይቶ፣ ሳይገባ ለመመለስ ነው። አሳማ ዓይኑ ደካማ፣ ማሽተቱ ግን ብርቱ ስለሆነ ቀስት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ሽታውን ለመደበቅ ከነፋሱ በታች መቀመጥ ይኖርበታል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ ነፋሱ ከእኛ ወደ ደኑ እንዲነፍስ አድርገን ጭስ እናጨሳለን፣ አውሬውም ሰው መኖሩን ገና ከደኑ ሳይወጣ ያውቀዋል። ወንጭፍ፣ ጅራፍና ቆርቆሮ ይኑርዎት፤ ነገር ግን ድምፁ በየሌሊቱ አንድ ዓይነትና በአንድ ሰዓት ከሆነ አሳማው ይለምደዋል፣ ስለዚህ ይቀያይሩት። ቢቻል ሦስት አራት ባለማሳዎች በተራ ጠብቁ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከሳምንት በላይ ሌሊቱን ነቅቶ፣ ቀን ደግሞ አርሶ አይዘልቀውም። ለነገሩ አሳማውን ቢገድሉት እንኳ በአካባቢያችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስጋውን አይበላውም፤ ትርፉ ሬሳ መጎተትና ጅብ መጥራት ነው።

መልስ፦ የአናጺነት ሙያ ያለው አባል

ከሁለቱ ዛፎች የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ሁለቱንም አልመርጥም። የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ በነፋስ ሳይታሰብ ይገነጠላል፤ ያረጀ ጥድ ደግሞ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ ግንዱን በመዶሻ ጀርባ ቢመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ይጠራጠሩት። ከሁሉ በላይ ግን በተራራ ግርጌ ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ በክረምት መብረቅ ይስባል። አራት ቋሚ መትከል ይበልጣል፤ ከሦስት ሜትር ያልበለጠ፣ ወገብ ድረስ መከለያ ያለው፣ መሰላሉም በምስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ጭምር የታሰረ ይሁን። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ከዚያም ቢሆን ወርዶ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ማሳውን ዞሬ ስመለከት በላይኛው በኩል መስመሩ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ሰኮና ይታያል፤ በታችኛው በኩል ግን ከአጥሩ ሥር የተቆፈረ ቀዳዳና ሁለት ጥቁርና ነጭ እሾህ አግኝቻለሁ። ለካ ሁለቱም ይገቡ ኖሯል። ቀስቱን ለገለባ ዒላማ ትቼዋለሁ፤ ማማውን ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር በላይኛው ጫፍ ልንሠራ ተስማምተናል፣ ማመልከቻውም እየተጻፈ ነው። የቀረኝ የጃርቱ ቀዳዳ ነው፤ ድንጋይ ብሞላበት ይበቃ ይሆን?

መልስ፦ በሆለታ በኩል የሚያርስ አባል

አይበቃም፤ አጠገቡ ሌላ ይቆፍራል። በዚያ በኩል ባለው አጥር ሥር አንድ ክንድ ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍረው የሽቦ ወንፊት ያቁሙበት፤ ሽቦው ከተወደደብዎት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎን ለጎን አጠጋግተው በቁሙ ይቅበሩ። የሽቦውን የታችኛውን ጫፍ ወደ ውጭ አጥፈው ቢቀብሩት ደግሞ ጃርቱ አጥሩ ሥር መቆፈር ሲጀምር ከሽቦው ጋር ይጋጫል። ሥራው ፀሐዩ አፈሩን ሳያጠጥረው፣ አሁን እርጥበት እያለው ቢሠራ ይቀላል።