ሞምባሳ ያላችሁ ድረሱልኝ፦ እህቴ እግር ውስጥ እሾህ ቀርቷል

ሰላም ወገኖች። ከአዲስ አበባ መጥተን ሞምባሳ፣ ንያሊ ነን። ባህሩ ሲሸሽ እህቴ በድንጋዮቹ መሃል ስትራመድ ጃርት የመሰለች ጥቁር የባህር እንስሳ ረገጠች። ተረከዟ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ። እሾሁ በመርፌ ሲነካ እንደ ጠመኔ እየተፈረካከሰ አልወጣ አለ። የባህር ዳር ልጆች የጥሬ ፓፓያ ወተት ቀቡት ይላሉ፤ የሆቴሉ ሰው ደግሞ ኮምጣጤ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትነክረው ቀለል ይላታል። ዛሬ ማታ ግን ብርድ ብርድ ብሏታል። የወባ መከላከያ ክኒን እየወሰደች ነው፤ ቢሆንም አገሩ ቆላ ነውና ልቤ አላረፈም። ከቁስሉ ይሆን ወይስ ወባ? የቴታነስ መርፌስ ያስፈልጋታል? ደም የሚመረምር፣ እሾሁንም የሚያወጣ፣ ቱሪስት ናቸው ብሎ ኪሳችንን የማያራግፍ ክሊኒክ ጠቁሙኝ። የሊኮኒን ጀልባ ሳንሻገር ቢሆን ይሻላል፤ ወረፋው አይጣል ነው።